የፍሬን ፔዳል ሲለሰልስ

ከአዲስ አበባ ወደ ከሚሴ የሚመጣ መኪና ከጣርማበር እስከ ሸዋሮቢት ረጅም ቁልቁለት ይወርዳል። አሮጌ ሚኒባስ ታች ሲደርስ ፔዳሉ ከለሰለሰ በቅድሚያ የምንጠረጥረው የፍሬን ዘይቱን ነው። ዘይቱ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ሲቆይ፣ እርጥበት የጠጣው 140 ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ እንደ ዘይት ፍሬኑን አይገፋም። ሲበርድ ፔዳሉ ይመለሳል፣ ሾፌሩም ይረሳዋል! ተሳፋሪ አደራ ነውና ዘይቱ ሳይቀየር ጉዞ አይቀጠል።

ሳይሞቅም ከለሰለሰ፣ ሜዳ ላይ አቁመን ደጋግመን እንርገጠው። ከጠነከረ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፣ ወይም የኋላው ሸራ መጠጋት ይፈልጋል። ረግጠን ስንይዘው ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን ዘይት እያመለጠ ነው፤ ቱቦውና ጎማዎቹ ዙሪያ ደረቅ ከሆኑ፣ ያለቀው የማስተር ሲሊንደሩ የውስጥ ላስቲክ ነው።