ስለ ነቢዩ ኤልያስ ትካዜ፤ የወደቀ ልብ የሚነሣበት መንገድ

በመጽሐፈ ነገሥት ሣልስ፥ በዛሬው ቍጥር በ1ኛ ነገሥት፥ ምዕራፍ 19 የተጻፈው የነቢዩ ኤልያስ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ነፋሱና ስለ እሳቱ፥ በኋላም ስለ ተሰማው ቀጭን ድምፅ ነው። ዳሩ ግን ከዚያ የቀደመው ክፍል፥ ነቢዩ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን የለመነበት፥ ለነፍስ አባት ይልቁን የሚያስፈልግ ትምህርት አለው። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ፥ ለምኖም ዝናም ያዘነመ ሰው ነው፤ ወዲያው ግን በኤልዛቤል ዛቻ ልቡ ወደቀ። እንግዲህ ትካዜ ሁሉ የሃይማኖት ጉድለት ነው የሚል ሰው አስቀድሞ ስለ ኤልያስ መልስ መስጠት ይገባዋል። (ክትክታ የተባለው በዕብራይስጥ ሮቴም የሚሉት፥ ጥላው ስስ የሆነ የምድረ በዳ ቍጥቋጦ ነው፤ ተርጓሚዎቹ የአገሩ ሰው የሚያውቀውን የዕፅ ስም ሰጡት።)

ሐተታ። ነቢዩ ሎሌውን በቤርሳቤህ ትቶ አንድ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ገባ። ትካዜ ሰውን አስቀድሞ ከባልንጀራው ይለየዋልና ይህ ያለ ምክንያት አልተጻፈም። መልአኩም በመጣ ጊዜ አልገሠጸውም፤ ስለ ቀርሜሎስ ተአምርም አላስታወሰውም። ዳሰሰው፥ ብላም አለው። በራስጌው በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ ነበረ። በላ፥ ጠጣ፥ ተመልሶም ተኛ፤ መልአኩም ተኛህ ብሎ አልተቈጣውም፥ ዳግመኛ መጣ እንጂ። አንድም፥ እንቅልፍና እህል ለወደቀ ልብ የመጀመሪያ መድኃኒት እንደ ሆኑ ሊያሳይ ነው። አንድም፥ አንድ ጊዜ ጠይቆ መቅረት እንዳይበቃ ሊያስተምር ነው። ነገሩ ግልጽ ሲሆን ካህን ብዙ ጊዜ በተገላቢጦሽ ያደርጋል፤ ሳይበላ የሰነበተውን ሰው ተግሣጽ ያስቀድምለታል፥ ከዚያም ጾም ይጨምርበታል። ፍትሐ ነገሥት ግን ጾምን ሲያዝ የታመመውን ለይቶ ይተዋል።

ይህ ነገር በላስታ ደጋ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ ወደ ላሊበላ በሚታጠፍበት ላይ ያለች፥ ነፋስና ቍር የበዛባት የደጋ ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ወደ ላሊበላ የሚመጣው እንግዳ ጠፋ፤ በእንግዳ የሚኖረውም ሁሉ እጁ ተያዘ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደረሰ፥ ላሊበላም ተያዘች፤ በጋሸናና በዙሪያዋ የነበረው ውጊያ እስከ 2014 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ቆየ። ልጁን የቀበረ፥ ከብቱ የተነዳበት፥ እህሉ የተቃጠለበት ሰው ከለቅሶው በኋላ ወደ ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ፥ ያን ጊዜ ነው ትካዜው የሚጸናበት። አርባው እስኪወጣ ሰው ይመላለሳልና፤ ከዚያ በኋላ ግን ደጁ ጭር ይላል። ስለ ሞተ ሰው ማልቀስ ነቀፋ የለበትም፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የሚታሰበው ከለቅሶው በኋላ ስለሚመጣው ጭርታ ነው።

የላስታ የድንጋይ ቤት ቍሩን ይከላከላል፥ ብርሃኑን ግን አያስገባም። ያዘነች ሴት ጥግ ይዛ ከጨለማው ውስጥ ስትውል ቀኑና ሌሊቱ ይደባለቅባታል፤ ቀን ታንቀላፋለች፥ ሌሊት ዓይኗን ገልጣ ታድራለች። የማለዳ ብርሃን የሰውነትን ሰዓት እንደሚያቀና ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ደጅ አውጥቶ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ማስሞቅ፥ በየማለዳው በአንድ ሰዓት መነሣትን ማስለመድ፥ ቀላል ቢመስልም ዋና ነገር ነው። መራመድም እንዲሁ። ኤልያስ ከበላ በኋላ እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄደ፤ ትካዜተኛ ይህን ያህል ሂድ አይባልም፥ ነገር ግን ለኪዳን ጸሎት ማልዶ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ከአንድ ሰው የማይበዛ መንገድ ነው። ለመሄድ ደስታ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ እግር ይቀድማል፥ ልብ ይከተላል።

ስለ ሥራም የመነኮሳት መጻሕፍት ብዙ ያስተምራሉ። በግእዝ ሀኬት የሚሉት ክፉ ትካዜ መነኵሴውን በቀትር ጊዜ ይይዘዋል፤ ፀሐይ የቆመች ትመስለዋለች፥ በዓቱን ያስጠላዋል፥ ሥራውንም ከንቱ ያደርግበታል። አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ይህ በያዘው ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲጐነጕን፥ ከዚያም ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲጐነጕን አየ፤ መልአክ ነበረ። እንጦንስም እንዲሁ አድርጎ ዳነ። በዚህ ታሪክ ልብ የሚባለው ሥራው ትንሽ መሆኑ ነው። መልአኩ ቤተ መንግሥት አልሠራም፥ ገመድ ጐነጐነ እንጂ። ያዘነች ሴት ጥጥ ትፍተል፥ ስፌት ትስፋ፤ ወንዱ የበጎቹን በረት ይጥረግ፥ የፈረሰውን የካብ ድንጋይ አንዱን መልሶ ይትከል። ጧት የጀመረውን ማታ ተፈጽሞ ሲያየው ቀኑ ባዶ እንዳልሆነ ይመሰክርለታል። የዛሬዎቹ የአእምሮ ሐኪሞችም እንዲህ ያለውን በየቀኑ በጥቂቱ የሚታቀድ ሥራ ከታወቁት ሕክምናዎች አንዱ አድርገው ይዘውታል።

ዳዊት ለሳኦል በገና የደረደረበትን ታሪክ የሚጠቅስ አለ። መልካም ነው፤ በገና ልብን ያሳርፋል። ነገር ግን ሳኦል ያንኑ በገና እየሰማ በዳዊት ላይ ጦር እንደ ወረወረ አይዘነጋ፤ ዜማ ብቻውን ሁሉን አያድንም።

ከሁሉ የሚበልጠው ከሰው ጋር መሆን ነው። ለዚህ የላስታ ሰው አዲስ ነገር አያሻውም፤ ቡናው አለ፥ ማኅበሩ አለ፥ ሰንበቴው አለ። ያዘነውን ሰው ወደ ማኅበር መጥራት ብቻ ሳይሆን ሥራ መስጠትም ይገባል፤ ጽዋውን የሚያዞር፥ ዳቦውን የሚቈርስ ይሁን። በዚምባብዌ አገር ሐራሬ በምትባል ከተማ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በዘመነ አውሮፓ 2006 ያስጀመረው ሥራ አለ፤ ከጤና ጣቢያው ደጅ አግዳሚ ወንበር ተተክሎ አሮጊቶች ያዘነውን ሰው ተቀምጠው ያደምጣሉ፥ ከችግሩም አንዱን መርጦ እንዲፈታ ያግዙታል። በዘመነ አውሮፓ 2016 በታተመ ጥናት 573 ሰዎች ተመርምረው፥ ከአሮጊቶቹ ጋር የተነጋገሩት ከሌሎቹ ይልቅ ትካዜያቸው ቀሎ ተገኘ። በዚያ አገር ቋንቋ ይህን በሽታ ሐሳብ ማብዛት ይሉታል፤ የአማራም ሰው ሐሳብ ገደለኝ ይላልና ነገሩ አንድ ነው። በጋሸና ደጅ ያሉት እናቶች ከሐራሬ አሮጊቶች በማስተዋል አያንሱም፤ የሚያስፈልጋቸው ከመምከር በፊት ማድመጥን መልመድ ነው። እግዚአብሔርም ኤልያስን በዋሻው፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ እርሱም ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ቃል መለሰ። መልሱ አንድ መሆኑ አልተነቀፈበትም፥ ያዘነ ሰው ነገሩን ይደጋግማልና። ከዚያ በኋላ ሥራ ተሰጠው፤ ብቻዬን ቀረሁ ላለውም 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፥ ኤልሳዕም ባልንጀራ ሆነለት።

ስለ አረቄ ግን መጠንቀቅ ያሻል። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 31 ለሚጠፋና ለተጨነቀ ሰው መጠጥ ይሰጥ የሚለውን ይዘው ትካዜን በአረቄ የሚያስታግሱ አሉ። ያ ቃል ሞት ለቀረበው ነው፤ ለሚኖር ሰው አይደለም። በዚያው ምዕራፍ ንጉሥ ፍርድ እንዳያጣምም ከመጠጥ እንዲርቅ ታዟልና። መጠጥ ለአንድ ሰዓት ያስረሳል፥ ሌሊቱን ግን እንቅልፉን ይሰብራል፥ በማግስቱም ትካዜውን አክብዶ ይመልሳል። የሚያጽናና መስሎት መለኪያ ይዞ የሚመጣ ጠያቂ በወዳጁ ላይ ጉዳት ይጨምራል።

በዚህ ሁሉ የማይነሣ ልብ አለ። ትካዜው ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሳይለቅ የቆየ፥ እህልና እንቅልፍ የከለከለ፥ ከሥራም ያስቀረ እንደ ሆነ ሕመም ነውና ሐኪም ይፈልጋል። በላሊበላና በወልድያ ሐኪም ቤት አለ፤ በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ የአእምሮ ሕመምን ለይቶ ያክማል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራልና ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ጠበል የሚጠመቀው ሰው የታዘዘለትን ኪኒን አትዋጥ መባል የለበትም። እንደ ኤልያስ ሞትን የሚመኝ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ፥ ራስህን ልታጠፋ ታስባለህን ብሎ በግልጽ መጠየቅ አሳቡን አያመጣበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል እንጂ። እንዲህ ያለው ሰው ለአንዲት ሌሊት እንኳ ብቻውን አይደር፤ ገመዱና የእርሻ መድኃኒቱ፥ ጠመንጃም ካለ ጠመንጃው፥ ከቤቱ ይውጣ። የነፍስ አባቱም ወደ ሐኪም ቤት ሂድ ብሎ አይሸኘው፥ አብሮት ይሂድ፤ ከተመለሰም በኋላ በሦስተኛው ቀን ደጁን ይምታ።