ከቤት ሽያጭ በፊት የሚደረግ የዛፍ ምርመራ

በአሜሪካ ቤት ሲሸጥ ገዢው የቤት ኢንስፔክተር ቀጥሮ ጣሪያውን፣ መሠረቱን፣ የመብራትና የውኃ መስመሩን ያስመረምራል። በግቢው የቆመው ዛፍ ግን ከዚህ ምርመራ ውጭ ነው። የቤት ኢንስፔክተሮች በሚሠሩበት መመሪያ መሠረት ዕፅዋት የሚታዩት ሕንፃውን ይጎዳሉ ተብሎ ሲሠጋ ብቻ ነው። ግንዱ ውስጡ መበስበሱን፣ ሥሩ መቆረጡን ወይም ዛፉ ውስጥ ተባይ መግባቱን መመርመር የእነሱ ሥራ አይደለም። ይህን ለማወቅ አርቦሪስት የሚባል የዛፍ ባለሙያ ለብቻው ይቀጠራል።

ምርመራው ትርጉም የሚያገኘው ዛፍ ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚሸጥ ነው። ሽያጩ ሲጠናቀቅ ጥላውም፣ አደጋውም፣ የማስቆረጫ ወጪውም ወደ ገዢው ይዞራል። ትልቅ ኦክ ከቤት አጠገብ በክሬን ማስነሣት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። በዋሽንግተን ዲሲና በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው እንደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ባሉ አጎራባች ከተሞች፣ ከቤቱ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ዛፍ በግቢ ማግኘት ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ምሽት ዴሬቾ የሚባለው የንፋስ ማዕበል አካባቢውን ሲመታ እንዲህ ያሉ ዛፎች በቤት፣ በመኪናና በመብራት መስመር ላይ ወድቀዋል። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ደንበኞችም መብራት ተቋርጦባቸዋል።

የአርቦሪስትን ብቃት ከሚያረጋግጡ ተቋማት ዋናው እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የአርቦሪካልቸር ማኅበር ነው። የማኅበሩን የምስክር ወረቀት ለመያዝ የሥራ ልምድና ፈተና ያስፈልጋል፤ ወረቀቱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። የዛፍን አደጋ ለመመዘን ደግሞ የተለየ ሥልጠናና ፈተና አለ። በሜሪላንድ ከዚህ በተጨማሪ በክፍያ የዛፍ ሥራ የሚሠራ ድርጅት ከስቴቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። መርማሪውና ቆራጩ አንድ ድርጅት ሲሆን የጥቅም ግጭት ይፈጠራል፤ ዛፉ ይቆረጥ ብሎ የሚወስነው በመቆረጡ የሚከፈለው ራሱ ነውና። በዚህ ምክንያት ለምርመራው ብቻ የሚከፈለው አማካሪ አርቦሪስት ይመረጣል።

ምርመራው ሦስት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው በእግር ወይም በመኪና እያለፉ የጎላ ጉድለትን ብቻ መመልከት ነው። ሁለተኛው ባለሙያው ዛፉን ዙሪያውን እየዞረ ከሥር እስከ አናት የሚያይበት ሲሆን፣ ለቤት ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቃውም ይኸው ነው። ሦስተኛው በመሣሪያ የሚደረግ ሲሆን፣ በሁለተኛው ላይ የታየው ምልክት ጥርጣሬ ሲያሳድር ይታዘዛል።

ባለሙያው የሚጀምረው ከታች ነው። ጤነኛ ዛፍ መሬቱን ሲነካ ግንዱ ወደ ሥሮቹ ሰፋ ይላል። ግንዱ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወደ አፈር ከገባ፣ አፈር ተደልድሎበታል ወይም ሲተከል ከመጠን በላይ ጠልቋል ማለት ነው። ከግንዱ እግር የሚበቅል እንጉዳይ ሥሩን ወይም የግንዱን እንጨት የሚያበሰብስ ፈንገስ መኖሩን ያመለክታል። ያዘነበለ ዛፍ ሁሉ አደገኛ አይደለም። ከልጅነቱ ብርሃን ፍለጋ ያዘነበለው ሚዛኑን ጠብቆ ያድጋል። ካዘነበለበት ተቃራኒ በኩል መሬቱ ከተሰነጠቀ ወይም ካበጠ ግን ሥሩ እየተነቀለ ነው።

ቀጥሎ ግንዱ በመዶሻ እየተመታ ድምፁ ይደመጣል። ባዶው ክፍል እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ውስጡ ባዶ መሆኑ ብቻውን ዛፍን አያስቆርጥም፤ ዳር ዳሩ በቂ ውፍረት ያለው ጤነኛ እንጨት እስካለ ድረስ ግንዱ እንደ ቧንቧ ክብደቱን ይሸከማል። የቀረውን ውፍረት ለማወቅ ቀጭን መሰርሰሪያ ወደ ግንዱ ይገባና የእንጨቱ ጥንካሬ በግራፍ ይመዘገባል። በሌላው ዘዴ በግንዱ ዙሪያ የተተከሉ መቀበያዎች ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት ለክተው የብስባሹን ካርታ ያወጣሉ።

ወደ ላይ ሲኬድ ትኩረቱ ባላው ላይ ያርፋል። ሁለት እኩል ግንዶች በጠባብ ባላ ሲገናኙ ቅርፊት በመካከላቸው ይታፈንና እንጨታቸው ሳይያያዝ ይቀራል፤ በማዕበል ጊዜም ከዚያ ይሰነጠቃሉ። በአሜሪካ ሰፈሮች በብዛት የተተከለው ብራድፎርድ ፒር በዚህ ጉድለቱ ይታወቃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አናቱ በጅምላ የተቆረጠ ዛፍም ያሠጋል። ከቁስሉ ዙሪያ የወጡት ለምለም ቅርንጫፎች ውጫዊ መልኩን ቢያሳምሩትም፣ ከግንዱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ደካማ ነው።

በአካባቢው ለየዛፉ ዓይነት የሚፈለግ ምልክትም አለ። ለምሳሌ አሽ የተባለው ዛፍ ከእስያ በመጣ አረንጓዴ ጥንዚዛ እያለቀ ነው። ጥንዚዛው እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን ዲትሮይት አካባቢ ተገኘ፤ በዓመቱም ከችግኝ ጋር ተጉዞ ሜሪላንድ ደረሰ። እጩ ከቅርፊቱ ሥር ምግብ የሚያልፍበትን ሕዋስ ይበላል። ጥንዚዛው በስቶ ሲወጣ የግማሽ ክብ ቅርጽ ያለው፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ቀዳዳ ይተዋል። ጉዳቱ ሳይስፋፋ ከተደረሰበት ግንዱን በመድኃኒት መውጋት ዛፉን ያቆየዋል። የሞተ አሽ ግን ቶሎ ስለሚሰባበር ለሚወጣበት ቆራጭ አደገኛ ነው፤ በቆየ ቁጥርም የማስቆረጫ ዋጋው ይጨምራል።

ከመሬት በታች ያለው የምርመራው ክፍል ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ግምት ይታያል። የዛፍ ሥር እንደ ቁመቱ ወደ ታች አይወርድም። አብዛኛው በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ተዘርግቶ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። ባለሙያዎች በጥብቅ ሊጠበቅ የሚገባውን ክልል ሲያሰሉ ለግንዱ ውፍረት ለእያንዳንዱ ኢንች አንድ ጫማ ሬዲየስ ይወስዳሉ። በዚህ ስሌት ውፍረቱ 50 ሳንቲሜትር የሆነ ዛፍ በየአቅጣጫው 6 ሜትር ያህል ያልተነካ መሬት ይፈልጋል። ለሽያጭ ተብሎ በታደሰ ቤት አዲስ የመኪና መግቢያ፣ በረንዳ ወይም የቱቦ ቦይ በዚህ ክልል ውስጥ ካለፈ ሥሩ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ዛፉ በዚያው ዓመት ለምለም ሆኖ ይታያል፤ መድረቅ የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሥር ጤነኛ የሆነን መሠረት ሰብሮ አይገባም። ችግሩ የሚመጣው ውኃ ሲያገኝ በሚያብጥ፣ ሲደርቅ በሚሸበሸብ ሸክላ አፈር ላይ ነው። በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ምሥራቃዊ ክፍል ማሪን ክሌይ የሚባለው አፈር እንዲህ ያለ ነው። ዛፉ በድርቅ ወራት ውኃውን ሲመጥ አፈሩ ይወርዳል፣ መሠረቱም ይሰነጠቃል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከ1976ቱ ድርቅ በኋላ በሸክላ አፈር ላይ የተሠሩ ቤቶች በብዛት ተሰንጥቀዋል። ዛፉን በድንገት መቁረጥም መፍትሔ ላይሆን ይችላል፤ ውኃ የሚመጠው ሲጠፋ አፈሩ ተመልሶ ያብጥና ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል። በአሮጌ ቤቶች ያለው የሸክላ ፍሳሽ ቱቦም ሥር በመገጣጠሚያው ስለሚገባበት በቧንቧ ሠራተኛ ካሜራ ይታያል።

የሕግ ጥያቄውም ከምርመራው ተለይቶ አይታይም። በዋሽንግተን ዲሲ ከመሬት በ1.37 ሜትር ከፍታ ሲለካ ዙሪያው 44 ኢንች፣ ማለትም 112 ሳንቲሜትር፣ የደረሰ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም። ዙሪያው 100 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው የቅርስ ዛፍ ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ አደገኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ ወይም ሕጉ ከለያቸው ዝርያዎች ካልሆነ ማንሣቱ ክልክል ነው። ቤቱን ወደ ጓሮ ለማስፋት ያሰበ ገዢ ዕቅዱ በዛፉ ምክንያት ሊቀር እንደሚችል ማወቅ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው። በእግረኛ መንገድና በአስፋልት መካከል ያለው ዛፍ ደግሞ የከተማው እንጂ የቤቱ አይደለም።

የጎረቤት ዛፍ ጉዳይ ከስቴት ስቴት ይለያያል። በሜሪላንድ የጎረቤት ዛፍ ቅርንጫፍና ሥር ሲያስቸግር የተቸገረው የቤት ባለቤት ያለው መፍትሔ በራሱ ወጪ እስከ ድንበሩ መቁረጥ ነው። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ዛፉ በእርግጥ ጉዳት ካደረሰ ወይም ሊያደርስ ከተቃረበ የዛፉ ባለቤት እንዲጠየቅ ፈቅዷል። ስለዚህ መርማሪው ድንበር ላይ ያሉትን ዛፎችም ይመዘግባል።

ውጤቱ በጽሑፍ ይቀርባል። ሪፖርቱ ዛፉ የመውደቅ ዕድሉን፣ ሲወድቅ ሰው ወይም ንብረት የመምታት ዕድሉንና የጉዳቱን ክብደት አጣምሮ አደጋውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም እጅግ ከፍተኛ ይለዋል። በባዶ ሜዳ ላይ ያለ ብስብስ ዛፍ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ከመኝታ ቤት በላይ የተንጠለጠለ አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። መፍትሔውም ሁልጊዜ መቁረጥ አይደለም፤ የደረቀውን መግረዝ፣ ደካማውን ባላ በኬብል ማሰር ወይም ከሥሩ ያለውን መቀመጫ ማንሣት ይበቃ ይሆናል።

ገዢው ምርመራውን የሚያስደርገው ውሉ በሰጠው የኢንስፔክሽን ቀናት ውስጥ ነው። እነዚህ ቀናት ጥቂት ስለሆኑ አርቦሪስቱን ውሉ ሳይፈረም ማፈላለግ ይጠቅማል። ችግር ሲገኝ ዋጋ ማስቀነስ፣ ሻጩ ሽያጩ ከመጠናቀቁ በፊት እንዲያስቆርጥ መጠየቅ ወይም ከውሉ መውጣት ይቻላል። ሻጩ በበኩሉ ቤቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ቢያስመረምር በድርድር መሐል ከሚመጣ ድንገተኛ ጥያቄ ይድናል፤ ጤነኛ ዛፍ ካለውም በማስረጃ ያሳያል። በጽሑፍ የተነገረ አደጋ ግን የታወቀ አደጋ ነው። ባለቤቱ ሪፖርቱን ይዞ ዝም ካለና ዛፉ ከወደቀ፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያውም ከተጎዳው ወገንም ጥያቄ ይቀርብበታል።

ሪፖርቱ የሚናገረው ዛፉ በተመረመረበት ቀን ስለታየው ሁኔታ ነው። በብርዱ ወራት ቅጠል ስለሌለ የቅርንጫፎቹ አሠራር በግልጽ ይታያል፤ የቅጠሉን ጤና ለማየት ግን ሞቃቱ ወቅት ይሻላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ምዘናው የሚጸናበትን ጊዜና ቀጣዩን ምርመራ ይወስናል። ከባድ ማዕበል ካለፈ ወይም ከሥሩ አጠገብ ግንባታ ከተካሄደም ያ ቀን ሳይጠበቅ ዛፉ እንደገና ይታያል።