መርፌው የማያዘነብልበት አገር

ሮበርት ኖርማን ለንደን ውስጥ ኮምፓስ እየሠራ የሚተዳደር የቀድሞ መርከበኛ ነበር። የብረት መርፌውን ግራ ቀኙን እኩል አድርጎ ሚዛኑን ካስጠበቀ በኋላ በማግኔት ድንጋይ ያሸዋል። ችግሩ የሚጀምረው ያኔ ነው። መርፌው ማግኔት እንደሆነ ወደ ሰሜን የሚያመለክተው ጫፉ ቁልቁል ይዘቀዝቃል። ኖርማን ያንን ጫፍ ከርከም እያደረገ ሚዛኑን ይመልስ ነበር፤ አንድ ቀን ግን ብዙ የለፋበትን መርፌ ከልክ በላይ አሳጥሮ አበላሸው። በንዴት ተነስቶ ነገሩን መመርመር ያዘ። በ1581 ባሳተመው መጽሐፍ መርፌው ለንደን ላይ 72 ዲግሪ ገደማ ወደ መሬት እንደሚያዘነብል ለዓለም አሳወቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ያ መርፌ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ቢንጠለጠል አግድም እንደተኛ ይቀራል ማለት ይቻላል።

ምክንያቱ መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በከተማዋ አካባቢ ማለፉ ነው። በካርታ ላይ የምናውቀው የምድር ወገብ ኬንያን ያቋርጣል፤ መግነጢሳዊው ግን በዚህ የአፍሪካ ክፍል ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ ኢትዮጵያን ይሻገራል። በዚህ መስመር ላይ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል ከመሬቱ ጋር ትይዩ ይሆናል። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደው ሥዕል፣ ማለትም ሆዷ ውስጥ ማግኔት የተጋደመባት ኳስ፣ የተማሪውን ዓይን የሚስበው ወደ ሁለቱ ዋልታዎች ነው። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ግን ትምህርቱ ከቆመበት ቦታ ቢጀምር ይቀለዋል።

ለሙከራው ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከተበላሸ ራዲዮ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ የልብስ መርፌና ክር ይበቃሉ። መርፌው መሐሉ ላይ በክር ታስሮ ሚዛኑን እስኪጠብቅ ይስተካከላል፤ ከዚያ ማግኔቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ደጋግሞ ይታሽበታል። መልሶ ሲንጠለጠል ዞር ዞር ብሎ በሰሜንና በደቡብ መስመር ይቆማል፤ ሚዛኑ ግን እንደነበረ ነው። የኖርማን ታሪክ እዚህ ላይ ከተነገረ ክፍሉ ራሱ ይጠይቃል፦ የእሱ ለምን ተዘቀዘቀ?

የብረት ብናኝ ያጣ መምህር ደግሞ ወደ ውጭ ወጣ ቢል ያገኘዋል። የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው በባዛልት የተሸፈነ ስለሆነ አፈሩ ውስጥ ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር ማዕድን አለ። ማግኔቱ በመንገድ ዳር አቧራ ውስጥ ሲጎተት ጥቁር ጢም ያወጣል። በፌስታል መጠቅለሉ አይረሳ፤ አለዚያ የክፍለ ጊዜው ግማሽ ማግኔት ሲጸዳ ያልቃል። ይህ ጥቁር ብናኝ ማግኔት በተደበቀበት ወረቀት ላይ ሲነሰነስ የመስኩን መስመሮች ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

ብዙ ተማሪ፣ አንዳንዴም መምህሩ ጭምር፣ ሰሜን ዋልታ መርፌውን ወደ ራሱ የሚስበው ይመስለዋል። ኖርማን ይህንንም ፈትኗል። ማግኔት የሆነውን መርፌ ቡሽ ላይ ሰክቶ ውኃ ውስጥ ሲያስቀምጠው መርፌው አቅጣጫውን ያዘ እንጂ ወደ ሰሜን አልሄደም። ሳፋ ውስጥ በቅጠል ላይ የተንሳፈፈ መርፌም እንዲሁ ይዞርና ቀጥ ይላል። የምድር መስክ በመርፌው ሁለት ጫፎች ላይ እኩል ስለሆነ አንዱን ወደ ሰሜን የሚስበውን ያህል ሌላውን ወደ ደቡብ ይስባል፤ ውጤቱ መዞር ብቻ ነው። የስፒከሩ ማግኔት ሲቀርብ ግን መስኩ በአንዱ ጫፍ ላይ ከሌላው በጣም ስለሚበረታ መርፌው ይጎተታል።

የእንግሊዟ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሐኪም የነበረው ዊልያም ጊልበርት ማግኔት ድንጋይን እንደ ኳስ አድቦልቡሎ በላዩ ላይ ትናንሽ መርፌዎችን አዟዟረ። መርፌዎቹ በኳሱ ወገብ ላይ ተኙ፤ ወደ ዋልታው ሲጠጉ አዘነበሉ፤ ዋልታው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጊልበርት በ1600 ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት አለ። በጭቃ ኳስ ውስጥ ዘንግ ማግኔት ቀብሮ ይህንኑ መድገም ይቻላል። ለንደንና አዲስ አበባን በኳሱ ላይ ምልክት ያደረገ ተማሪ የኖርማንን ጥያቄ በእጁ ይመልሳል።

ታዲያ ጊልበርት ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። ብረት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ማግኔትነቱን ያጣል፤ ከሰል ላይ ፍም እስኪመስል የጋለ መርፌ ሲቀዘቅዝ ሰሜንን እንደረሳ ማየት ይቻላል። የምድር እምብርት ደግሞ ከ4,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ነው። እዚያ ቋሚ ማግኔት ሊኖር አይችልም። መስኩ ታዲያ ከየት ይመጣል? በዚህ ርዕስ ውስጥ እጅግ ጥሩው ጥያቄ ይህ ይመስላል፤ መልሱን ፈጥኖ መናገር ደግሞ ትምህርቱን ያባክናል።

መንገዱን የከፈተው የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ነው። በ1820 ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በአጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አየ። ባትሪ ድንጋይ፣ ቁራጭ ሽቦና ኮምፓስ ያለው ክፍል ይህንኑ በአንድ ደቂቃ ያየዋል፤ ሽቦው ስለሚግል ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። ማግኔትነት ከኤሌክትሪክ ፍሰትም ይመጣል ማለት ነው። ከእግራችን በታች 2,900 ኪሎ ሜትር ላይ የሚጀምረው ውጫዊው እምብርት ቀልጦ የሚንቀሳቀስ ብረትና ኒኬል ነው። ሙቀቱ ያናውጠዋል፣ የምድር መሽከርከር ፍሰቱን ያጠማዝዘዋል፤ በነበረው መስክ ውስጥ የሚፈሰው ብረት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩም መስኩን መልሶ ያድሳል። የብስክሌት ዳይናሞ እንቅስቃሴን ወደ መብራት እንደሚቀይር ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ዳይናሞው ውስጥ ቋሚ ማግኔት መኖሩ፣ ምድር ግን የራሷን እየሠራች መኖሯ ነው።

ፈሳሽ ነገር አንድ ቦታ አይረጋም፤ መስኩም እንዲሁ። አሳሹ ጄምስ ክላርክ ሮስ በ1831 ካናዳ ውስጥ ያገኘው የሰሜን መግነጢሳዊ ዋልታ ዛሬ ወደ ሳይቤሪያ እያመራ ነው። ለውጡ አየር ማረፊያ ድረስ ይሰማል። በቦሌ መንደርደሪያዎች ጫፍ ላይ የተጻፉት 07 እና 25 ቁጥሮች አውሮፕላኑ በኮምፓስ ወደ 70 እና 250 ዲግሪ ገደማ ማቅናቱን ይነግራሉ። በእንግሊዝ የስታንስቴድ አየር ማረፊያ በ2009 ቁጥሮቹን ከ05 እና 23 ወደ 04 እና 22 የቀየረው መንደርደሪያው ተነቅሎ ሳይሆን ሰሜኑ ፈቀቅ ብሎበት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ቅልጥ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ማግኔታይት የዘመኑን መስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ፈረንሳዊው በርናር ብሩንስ በ1906 ከዛሬው ተቃራኒ አቅጣጫ የያዘ ድንጋይ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ሰሜንና ደቡብ ተለዋውጠው ያውቃሉ ማለት ነው። የመጨረሻው መገልበጥ የሆነው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ደባርቅ አጠገብ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የወጣ ሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተነባበረ ባዛልት መሐል አልፏል፤ እዚያም አንዱ ንብርብር የዛሬውን፣ ሌላው የተገለበጠውን አቅጣጫ ይዞ ይገኛል።

አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው መጀመሪያ ባነሳነው መግነጢሳዊ ወገብ ምክንያት ነው። በ1957 እና 1958 የዓለም ሳይንቲስቶች የጂኦፊዚክስ ዓመት ብለው በኅብረት ሲሠሩ፣ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ የሆነችው አዲስ አበባ ተፈላጊ ነበረች። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዋን ያቋቋሙት ይህ ጣቢያ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። መሣሪያዎቹ የሚመዘግቡት የመስክ ጥንካሬ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ነው፤ የእጅ ስልክ ኮምፓስም 36 ማይክሮቴስላ አካባቢ ብሎ ያንኑ ያሳያል፤ በብረት ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ በስተቀር።

ስልኩ የማያየውን ግን ጣቢያው ያያል። ቀን ቀን ፀሐይ ከመሬት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ያለውን አየር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስታደርገው፣ በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። በእሱም ምክንያት የአዲስ አበባ መስክ ወደ ቀትር ግድም ከፍ ይላል፣ ሲመሽ ወደ ነበረበት ይወርዳል። የጣቢያው መዝገብ ኢንተርማግኔት በተባለው ዓለም አቀፍ መረብ በኩል በነፃ ይገኛል። የአንድ ፀጥተኛ ቀን መስመር ታትሞ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ተማሪዎቹ ፀሐይ የወጣችበትንና አናት ላይ የደረሰችበትን ሰዓት ከመስመሩ ላይ በግምት ማውጣት ይችላሉ።