የሳንባ ዘበኞች

በ1911 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር አዲስ አበባን የመታው፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር የጣለውና እስከ ዛሬ «የኅዳር በሽታ» እየተባለ የሚታወሰው መቅሠፍት፣ በዚያው ዘመን ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ። ሊቃውንቱን እጅግ ያስጨነቃቸው፣ ጕልበቱ ያልደከመውን ጐልማሳ አብዝቶ መውሰዱ ነው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሥጋችንን የሚጠብቁት ሕዋሳት ከልክ ያለፈ ቍጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ብዙዎች ያስባሉ።

በሳንባ ውስጥ አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። በዚህ ረቂቅ ስፍራ ማክሮፋጅ የሚባለው ሕዋስ ትቢያውንም ተዋሲያኑንም እየዋጠ ሌትና ቀን ይጠብቃል። ቫይረሱ ከግድግዳው ሕዋሳት አንዱን ሰብሮ የገባ እንደ ሆነ፣ የተያዘው ሕዋስ ሳይሞት ጎረቤቶቹ እንዲሰናዱ ኢንተርፌሮን የተባለውን መልእክት ይሰዳል፤ ይህንም አይዛክስና ሊንደንማን በ1957 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ያገኙት በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሲመራመሩ ነው።

ማክሮፋጁም በበኩሉ ሳይቶካይን በሚባሉት መልእክተኞች ጥሪ ሲያሰማ፣ ቀድመው የሚደርሱት ኒውትሮፊሎች ናቸው። ዕድሜያቸው አጭር የሆነው እነዚህ ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላትን ይውጣሉ፣ መርዝ ይረጫሉ፣ አልፎም የገዛ ዲኤንኤያቸውን ክር ወደ ውጭ ዘርግተው እንደ መረብ ያጠምዱበታል፤ ብዙዎቹም በዚያው ይሞታሉና፣ ነገራቸውን ባሰብሁ ቍጥር መደነቄ አይቀርም። ዳሩ ግን መርዛቸው ወዳጅን ከጠላት አይለይም፤ ጥሪው ሳያባራ ሠራዊት በሠራዊት ላይ ሲደረብ፣ የደም ሥሮች እየላሉ ፈሳሹን ያሾልካሉ፣ አየር ይመላለስበት የነበረውም እልፍኝ ሁሉ በውሃ ይሞላል። ያው የ1918 እ.ኤ.አ. ቫይረስ በቤተ ሙከራ እንደገና ተሠርቶ ለጦጣዎች በተሰጠ ጊዜ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የተገለጸው ውጤት ይኸው ልጓም ያጣ ቍጣ ነበረ። በፈረሰው ቅጥር ደግሞ ባክቴሪያ ይገባል፤ በዚያ ዘመን ከሞቱት የሚበዙትን የጨረሰው ይህ ተከታይ የሳንባ ምች ነው።

ሐኪሙ ሠራዊቱን በመላው ልሰር ቢል ቫይረሱ ሜዳውን ባዶ ያገኘዋል፤ የተያዙትን ሕዋሳት ለይተው የሚገድሉት ቲ ሴሎች በርክተው እስኪደርሱ ሳምንት ያህል ይፈጃልና። ሕመምተኛው የዳነ እንደ ሆነ፣ የወደቁትን ኒውትሮፊሎች እየዋጠ ሳንባውን የሚያጸዳው፣ አስቀድሞ የጠራቸው ያው ማክሮፋጅ ነው።