ስለ ሚስቶች የተሰወረ ሕመም የሐኪሞች ምርምር

በጌዴኦ ምድር፣ በይርጋ ጨፌ አጠገብ ያለችው ኮንጋ በቡናዋ ምክንያት ስሟ በውጭ አገር ሁሉ የታወቀ ነው። ነጋዴዎች ቡናውን ከመግዛታቸው በፊት እየቀመሱ ጣዕሙን በነጥብ ይመዝናሉ። ቡናውን ለቅማ፣ እንሰቱን ፍቃ፣ ልጆቿን አስተኝታ ወደ መኝታዋ የምትገባውን እመቤት ግን ስለ ጓዳ ሕመሟ የሚጠይቃት ሰው እምብዛም የለም። በአዲስ አበባ በታላላቁም ቤት ነገሩ ይኸው ነው። ይህን በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ማንሣታችን አንዳንዱን አንባቢ ቅር ሳያሰኘው እንደማይቀር እናውቃለን፤ ነገር ግን ብዙ ትዳር በዝምታ ሲፈርስ ስለምናይ፣ በጨዋ ቃል ልንናገረው ወደድን።

ሕመሙ ይህ ነው፤ ሚስት ከባሏ ጋራ በምትገናኝበት ጊዜ ብርቱ ሥቃይ ይሰማታል፣ ወይም ፈቃዷ ጨርሶ ይጠፋል። ባል ሌላ ሰው ወዳለች ብሎ ይጠረጥራታል፤ ዘመድ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፤ እርሷም ዕጣዬ ነው ብላ ትችለዋለች። ሐኪሙ ግን ምክንያቱን በአካሏና በኑሮዋ ውስጥ ይፈልጋል። ጡት የምታጠባ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንሳት አካሏ ይደርቃል። የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ ለድባቴ የሚሰጡ አንዳንድ ክኒኖችም ፈቃድን ያጠፋሉ። በአገራችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶው 65ቱ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ከልክሎአል፤ አስቀድሞ የተሰፋችውን ሴት ጠባሳዋን ከፍቶ ሥቃይዋን ማቅለል ግን የሐኪም ድርሻ ነው።

ምርምሩ ወደ ሴቲቱ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። ለወንዶች ድካም የሚሆነው ሲልዴናፊል፣ ማለት ቪያግራ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በመጋቢት 1990 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት ሄለን ኦኮኔል የተባለች አውስትራልያዊት ቀዶ ሐኪም፣ የሴት የስሜት አካል በሕክምና መጻሕፍት ከተሣለው እጅግ የሚበልጥና ወደ ውስጥ የሚዘልቅ መሆኑን አሳየች። እንግዲህ ለወንዱ መድኃኒቱ ገበያ ላይ ሲወጣ ለሴቲቱ ገና ሥዕሏ ይታረም ነበር! ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ያንኑ ክኒን በ3000 ያህል ሴቶች ከሞከረው በኋላ ውጤቱ አልጨበጥ ስላለው በየካቲት 1996 ዓ.ም. ተወው። ደም ወደ አካሏ መጉረፉ ብቻ ፈቃዷን አያመጣውምና።

በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ፍሊባንሴሪን ተፈቀደ። አስቀድሞ ለድባቴ ታስቦ የነበረ፣ ሁለት ጊዜም ፈቃድ የተከለከለ ክኒን ነው። በየማታው ይዋጣል፤ ይሁን እንጂ ሴቶቹ በወር ውስጥ ደስ የተሰኙበት ጊዜ በአማካይ ከአንድ በላይ አልጨመረም፤ ከመጠጥ ጋራ ከተገናኘም የደም ግፊትን አውርዶ ራስን ያስታል። በሰኔ 2011 ዓ.ም. የተፈቀደው ብሬሜላኖታይድ በመርፌ ይሰጣል፤ ከመቶው 40 የሚያህሉትን ሴቶች ያቅለሸልሻቸዋል። በእኛ አስተያየት ለእነዚህ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት በእጅ ያለውን መሞከር ይሻላል። ለደረቀው አካል ማለስለሻ፣ የወር አበባዋ ለተቋረጠባትም ኤስትሮጅን ያለበት ቅባት አለ። ጡንቻዋ ያለ ፈቃዷ የሚኮማተርባት ሴትም ከባለሙያ ጋራ ሆና ማላላቱን ቀስ በቀስ ትለማመዳለች፤ ብዙዎችም ይድናሉ።

በምጥ ብዛት ፊስቱላ ያገኛት ሴት ጉዳይ የከፋ ነው። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው የጀመሩት ሥራ ዛሬ ይርጋለምም ደርሶአል። የሽንት መፍሰሱ ቢቆምም ጠባሳው አካሏን ሊያጠብበው ስለሚችል፣ ወደ ባሏ ከመመለሷ በፊት ይህንኑ መጠየቅ ይገባል።

የኮንጋዋ እመቤት ግን አስቀድማ የምትሄደው ወደ ዲላ ነው። ሆስፒታሎችን የምታስተዳድሩ ሹማምንት ሆይ፣ መጋረጃ ያለው ክፍል ይኑራት፤ ጌዴኦኛ ብቻ የምትናገር እንደ ሆነች ደግሞ የምታስተረጕምላት አንዲት ነርስ ትሁን እንጂ፣ ልጇ ወይም ባሏ አይሁን።