ቦርዳችሁ ለምን እንደሚደርቅ መገመት ይብቃ፦ ዲበገር እንዴት ይገጠማል?

አየር ጤና ወይም ቤቴል አካባቢ ያለ አንድ ወጣት ለጫጩት መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሠራ እንበል። ሴንሰሩ ሙቀት ያነባል፣ ሪሌዩ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል። ሁለት ቀን ጥሩ ሠርቶ በሦስተኛው ሌሊት ድርቅ ይላል። የዶሮ እንቁላል ለ21 ቀን 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ማሞቂያው እንደበራ ከቀረ እንቁላሉ ሁሉ ከሰረ ማለት ነው።

ልጁ ታዲያ ምን ያደርጋል? አንድ መስመር ኮድ ይቀይራል፣ ይጭናል፣ ይጠብቃል። አሁንም ሲደርቅበት ቺፑን ጠርጥሮ መርካቶ ወርዶ ሌላ ይገዛል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ኮዱ ውስጥ ነው።

ዛሬ ይህን ግምት የሚያስቀር ትንሽ መሣሪያ እናያለን።

ዲበገር ምንድን ነው?

ድሮ ኢሙሌተር የሚባለው፣ ቺፑን ከሶኬቱ ነቅለው በቦታው የሚሰኩት ውድ ማሽን ነበር። አሁን ግን ቺፑ ራሱ መመርመሪያውን በውስጡ ይዞ ይመጣል። እኛ የሚያስፈልገን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘን፣ ፍላሽ የሚያህል ነገር ብቻ ነው። በጣም የታወቀው ኤስቲ-ሊንክ ነው። ፕሮግራሙን የፈለግንበት መስመር ላይ አቁመን በዚያች ቅጽበት ውስጡ ያለውን ቁጥር ሁሉ እናያለን።

አገጣጠሙ

ምሳሌያችን ብዙዎች የሚጠቀሙበት ብሉ ፒል፣ ማለትም ኤስቲኤም32 ኤፍ103 ያለበት ቦርድ ነው።

1. አራት ሽቦ አገናኙ፦ 3.3 ቮልት፣ ግራውንድ፣ ዳታ እና ክሎክ። ቦርዱ ጫፍ ላይ ያሉት አራት ፒኖች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። የኤስቲ-ሊንኩ የፒን ቅደም ተከተል ከአንዱ አንዱ ስለሚለያይ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ሥዕል ሳይሆን በጀርባው የተጻፈውን እመኑ። ጎን ለጎን 5 ቮልትም ስላለ ተጠንቀቁ።

2. ኪዩብ አይዲኢ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጫኑ። ፋይሉ ትልቅ ነውና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት።

3. ፕሮጀክት ስትከፍቱ ሲስተም የሚመለከተው ክፍል ውስጥ ዲበግ የሚለውን "ሲሪያል ዋየር" ላይ አድርጉ። ይህን ከረሳችሁ መጀመሪያ ይሠራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን ቺፑ አልገናኝም ይላል። ብዙ ሰው ቺፑ ተቃጠለ ብሎ የሚጥለው እዚህ ጋ ነው! አልተቃጠለም፤ ቡት0 ጃምፐሩን ወደ 1 አዙራችሁ ሪሴት ካደረጋችሁ በኋላ እንደገና አገናኙ።

4. የጥንዚዛ ምልክቷን ተጫኑ። ፕሮግራሙ ተጭኖ መጀመሪያው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ አስኬዱት።

አሁን ሦስት ሌሊት መጠበቅ ቀረ። ፕሮግራሙ እየሄደ የሴንሰሩን ሽቦ ንቀሉና "ፖዝ" በሉ። የቆመው የሴንሰሩን መልስ በሚጠብቅ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ላላ ያለች አንዲት ሽቦ ማሽኑን በሙሉ ታደርቀዋለች ማለት ነው። መፍትሔው ለጥበቃው የጊዜ ገደብ ሰጥቶ፣ ሴንሰሩ ካልመለሰ ማሞቂያውን ማጥፋት ነው።

ሶፍትዌሩ ቺፑን ማረጋገጥ አልቻልኩም ካለ፣ እጃችሁ የገባው ተመሳስሎ የተሠራ ቺፕ ሊሆን ይችላል። ኦፕን ኦሲዲ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ብዙዎቹ ይሠራሉ።

ሦስት ጥንቃቄ

አንደኛ፣ ዲበገር የሚያቆመው ቺፑን እንጂ ማሞቂያውን አይደለም። ሪሌዩ በርቶ ሳለ ካቆማችሁት እንደበራ ይቀራል። ስትሞክሩ በማሞቂያው ፋንታ ኤልኢዲ አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ዋችዶግ ካለው፣ ፕሮግራሙን ስታቆሙ ቺፑን ሪሴት ሊያደርግባችሁ ይችላል። ለሙከራ አጥፉት፤ ስትጨርሱ ግን መመለሱን እንዳትረሱ።

ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። አንዳንድ ርካሽ መቆጣጠሪያዎች ያለ ትራንስፎርመር በቀጥታ ከ220 ቮልት ነው የሚሠሩት። እንዲህ ያለው ቦርድ ሶኬት ላይ እያለ ዲበገር ከሰካችሁበት ላፕቶፑን ሊያቃጥል፣ እናንተንም ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ከመብራት ንቀሉ፤ ቦርዱን በኤስቲ-ሊንኩ 3.3 ቮልት ብቻ ሞክሩት።

ሌላ ቺፕ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ጠይቁት። ቦርድ ይዞ ለሚታገል ጓደኛችሁም አድርሱልን።