ተጨማሪ መረጃ፦ የገና ሰሞን ዕቁብ ብድር ነው ወይስ ቁጠባ?

ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ የቅርጫ መዋጮ ይጠየቃል፤ በግና ዶሮም ይወደዳል። በዚህ ምዕራፍ የተማራችሁት ነጠላ ወለድ እዚህ ላይ ሥራ አለው።

አሥር ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ አስቡ። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው 10,000 ብር ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ የራሱ 1,000 ብር ብቻ ነው፤ 9,000 ብሩን ከዕቁብተኞቹ ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ቆጣቢ ነው።

በዓል ሲደርስ ነገሩ ይወሳሰባል። የቸገረው ዕቁብተኛ ዕጣ የወጣለትን ሰው “ዕጣህን ሽጥልኝ” ይለዋል። ለዚህ 500 ብር ቢከፍል፣ ስሙ ወለድ ባይባልም ሥራው ያው የወለድ ነው። ውድ ይሁን ርካሽ የሚታወቀው ተራውን በስንት ወር እንዳስቀደመለት ሲሰላ ነው።

አራጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሕግ ከፈቀደው በላይ በሆነ ወለድ ማበደር ማለት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰቦች የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። “በወር 10 በመቶ ብቻ” የሚል አበዳሪ በዓመት 120 በመቶ እየጠየቀ ነው (ያቺ “ብቻ” ናት የምታታልለው)። ለገና 6,000 ብር በዚህ ወለድ ተበድሮ ከአራት ወር በኋላ የሚመልስ ቤተሰብ 2,400 ብር ወለድ ይከፍላል። በሕጉ ጣሪያ ቢሰላ 240 ብር ነበር።

ሞክሩ፦ ዕቁብ የሚጥል ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠይቁ። ዕጣው ስንት ብር ነው? ሲሸጥስ ስንት ይከፈላል? ገዢው ባይገዛ ኖሮ ስንት ወር ይጠብቅ ነበር? ከመልሶቹ ተነሥታችሁ ወርኃዊውን የወለድ መጠን በመቶኛ አስሉ።